ሙስታንግ በአሊሰንና በመርሊን ሞተር፦ ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው?

የቀረበልኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ፒ-51 ሙስታንግ መጀመሪያ የተሠራው በአሜሪካው አሊሰን ሞተር ነበር። በኋላ የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ መርሊን ተገጠመለትና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው ከገነነ ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱ ሆነ ይባላል። የሁለቱን ሞተሮች መግለጫ ሳስተያይ ግን ሁለቱም ባለ 12 ሲሊንደር ናቸው፣ ሁለቱም በፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ፣ ይዘታቸውም ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? አሊሰን ጥራት የጎደለው ሞተር ነበር ማለት ነው?»

አልነበረም። እንዲያውም በአሠራር ጥንካሬ ብቻ ከተመዘነ አሊሰን ከመርሊን የሚያንስበት ምክንያት የለም፤ በአንዳንድ ክፍሎቹ እንዲያውም ይበልጠዋል። ልዩነቱ የሚገኘው ሲሊንደሮቹ ውስጥ ሳይሆን ከሞተሩ ጀርባ በተቀመጠው አየር መጋቢ ክፍል፣ ማለትም በሱፐርቻርጀሩ ላይ ነው። የአንድ የጦር አውሮፕላን ሞተር ጉልበት ሲነገር በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደተለካ አብሮ ካልተነገረ ቁጥሩ ብቻውን የሚያስረዳው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በመጻሕፍትና በሙዚየም ሰሌዳዎች ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ አኃዞች የመነሻ ጉልበትን የሚያሳዩ በመሆናቸው፣ ጠያቂያችን የገጠማቸው ግርታ በብዙ አንባቢዎች ላይ የሚደርስ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ተመሳሳይነታቸውን እንመልከት። አሊሰን ቪ-1710 ይዘቱ 28 ሊትር ሲሆን መርሊን 27 ሊትር ነው። በሁለቱም ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 152 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት በአሊሰን ወደ 140፣ በመርሊን 137 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም በ60 ዲግሪ የተከፈለ የቪ ቅርጽ አላቸው፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቮች ተመድበውለታል፣ የሚሠሩበት ከፍተኛ ዙርም በደቂቃ 3,000 ነው። የአሊሰን የኮምፕሬሽን መጠን 6.65 ለ1 ሲሆን የመርሊን 6 ለ1 ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ የሚበልጠው አሊሰን ነው።

ነገር ግን ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከይዘቱ ሳይሆን በዚያ ይዘት ውስጥ ከሚገባው የአየር ክብደት ነው። ይህን ለመረዳት የአዲስ አበባ አሽከርካሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተማዋ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ተርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና አዲስ አበባ ላይ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። በ7,000 ሜትር ከፍታ እፍግታው ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ በ9,000 ሜትር ደግሞ 38 በመቶ ያህል ብቻ ይቀራል። የአሜሪካ ከባድ ቦምብ ጣዮች በጀርመን ሰማይ ላይ ይበሩ የነበረው በ7,000 እና በ8,000 ሜትር አካባቢ ስለነበር፣ ያለ እገዛ ወደዚያ የሚወጣ ሞተር ከግማሽ በላይ ጉልበቱን መሬት ላይ ትቶ ይሄዳል ማለት ነው።

ሱፐርቻርጀር የሚባለው ይህን ጉድለት የሚሞላው መሣሪያ ነው። ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ፣ በማርሽ ኃይል የሚወስድ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ባለ ክንፍ መንኰራኩር ሆኖ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። ችግሩ ግን አንድ መንኰራኩር በአንድ የማርሽ ምጣኔ ብቻ የሚዞር ከሆነ የሚመቸው ከፍታ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ከፍታ በታች አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሱፐርቻርጀሩ ሞተሩ ከሚችለው በላይ ግፊት ይፈጥራል፤ በዚህ ጊዜ ነዳጁ ያለጊዜው እየፈነዳ ሞተሩ ማንኳኳት እንዳይጀምርና ፒስተኖቹ እንዳይቀልጡ የአየር መግቢያው በከፊል መዘጋት አለበት። ከዚያ ከፍታ በላይ ደግሞ መግቢያው ወለል ብሎ ተከፍቶም ግፊቱ በየሜትሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ሞተሩ የተፈቀደለትን ሙሉ ግፊት ጠብቆ ሊቆይ የሚችልበት የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ከፍታ ይባላል፤ የጠያቂያችን ጥያቄም በመጨረሻ የሚያርፈው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ሙስታንግ የተነደፈው በ1940 ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን በተባለው ኩባንያ፣ አውሮፕላን ለመግዛት ለመጡ እንግሊዞች ሲሆን፣ የመጀመሪያው ናሙና ጥቅምት 26 ቀን 1940 በረረ። የተገጠመለት አሊሰን ባለ አንድ ደረጃና ባለ አንድ ፍጥነት፣ ማለትም አንድ መንኰራኩርና አንድ የማርሽ ምጣኔ ብቻ ያለው፣ ሱፐርቻርጀር ነበረው፤ በ3,600 ሜትር ገደማ 1,150 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በዚያ ከፍታና ከዚያ በታች አውሮፕላኑ እጅግ ፈጣን ነበር፦ ወደ 4,000 ሜትር አካባቢ በሰዓት 615 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም በጊዜው ከነበረው የእንግሊዝ ተዋጊ ከስፒትፋየር 5 የሚበልጥ ነው። ሆኖም በ7,200 ሜትር በአየሩ እፍግታ ብቻ ቢሰላ የዚሁ ሞተር ጉልበት 800 ቢደርስ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይልም ይህን ተገንዝቦ አውሮፕላኑን ከእግረኛ ጦር ጋር ለሚተባበሩና ዝቅ ብለው ለሚቃኙ ጓዶች መደበው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አሜሪካኖች ይህን አያውቁም ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በሚገባ ያውቁ ነበር፤ የመረጡት መፍትሔ ግን ሌላ ነበር። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ሳንፎርድ ሞስ፣ በጭስ ማውጫው ጋዝ የሚሽከረከር ተርቦ የገጠመለትን የሊበርቲ ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት አውጥቶ ሞከረው፤ ይህ ከራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ ያለ ተራራ ነው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ያለ ተርቦ 230 ሲሰጥ፣ በተርቦ 356 ሰጠ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የአሜሪካ ጦር የከፍታው ሥራ የተርቦ ነው የሚለውን አቋም ይዞ ቆየ። አሊሰንም ሞተሩን የሠራው በዚሁ እሳቤ ነው፦ በሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ ሱፐርቻርጀር ለዝቅተኛው ከፍታ፣ በአውሮፕላኑ አካል ውስጥ የሚቀመጠው ተርቦ ለከፍተኛው። ባለ ሁለት ሞተሩ ፒ-38 ላይትኒንግ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ተርቦው ግን ቧንቧውንና የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር ይዞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ፒ-47 ታንደርቦልት ያን ያህል ግዙፍ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለቀጭኑ ሙስታንግ የሚሆን አልነበረም። አሊሰን እንግዲህ የሥራ ባልደረባው ሳይመጣ ብቻውን እንዲሠራ የተጠየቀ ሞተር ነበር ማለት ይቻላል።

በሮልስ ሮይስ ዘንድ ነገሩ የተያዘው በተለየ አቅጣጫ ነው። በ1938 ወደ ኩባንያው የገባው የሒሳብ ሊቅ ስታንሊ ሁከር የመርሊንን ሱፐርቻርጀር የአየር ፍሰት በስሌት መርምሮ ብዙ ብክነት እንዳለበት አሳየ፤ መግቢያውና መንኰራኩሩም በዚያው መሠረት ተሻሻሉ። ቀጥሎ የመጣው መርሊን 61 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ከፍ ብሎ ለሚበር የዌሊንግተን ቦምብ ጣይ ሲሆን፣ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት መንኰራኩሮች በተከታታይ ተቀመጡለት፦ የመጀመሪያው ያመቀውን አየር ሁለተኛው ተቀብሎ ዳግመኛ ያምቀዋል። ማርሹም ሁለት ፍጥነት አለው። መርሊንን አሜሪካ ውስጥ ይሠራ በነበረው በፓካርድ ፋብሪካ ለመጀመሪያዎቹ ፒ-51ቢ (ባለ መርሊን ሙስታንጎች) በተሠራው ሞተር ከፍተኛው ምጣኔ 8.095 ለ1 ነበር፤ ሞተሩ 3,000 ዙር ሲመታ መንኰራኩሮቹ በደቂቃ ከ24,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ። የመጀመሪያው መንኰራኩር ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለነበር፣ ጫፉ የሚሄድበት ፍጥነት ሲሰላ በባሕር ወለል ካለው የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። ይህን የመሰለ ነገር በመቶዎች የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ከራሱ ከሞተሩ ላይ ይወስዳል፤ ቢሆንም የሚመልሰው ከሚወስደው ይበልጣል።

ይሁንና አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ እፍግታው ይቀንሳል፣ ማንኳኳትንም ይጋብዛል። በሁለት ደረጃ የታመቀው ድብልቅ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊጨምር ስለሚችል ያለ ማቀዝቀዣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ በሁለተኛው መንኰራኩርና በሲሊንደሮቹ መካከል የራሱ የፈሳሽ ዑደትና የራሱ ፓምፕ ያለው ኢንተርኩለር ተጨመረ፤ ይህም ከተጨመረው ሙቀት ግማሽ ያህሉን ያወጣል። በተጨማሪም ነዳጅን ከአየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር የሚገኘው ከሱፐርቻርጀሩ በፊት በመሆኑ ነዳጁ ሲተን ድብልቁን በ25 ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዘዋል። ጀርመኖች ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በመርጨታቸው አውሮፕላናቸው በድንገት አፍንጫውን ወደታች ሲደፋ ሞተሩ አይቋረጥም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ መርሊኖች ግን በዚህ ይቸገሩ ነበርና በ1941 በፋርንቦሮ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም ትሠራ የነበረችው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ በሠራችው ቀላል የነዳጅ መገደቢያ ቀለበት ችግሩ ጋብ አለ። ሰዎች ይህን የካርቡሬተር ድክመት ደጋግመው ሲያነሱ የማቀዝቀዝ ጥቅሙን ግን እምብዛም አያነሱትም።

የውጤቱ አኃዝ ይህ ነው፦ መርሊን 61 በዝቅተኛው ማርሽ በ3,700 ሜትር ገደማ 1,565፣ በከፍተኛው ማርሽ በ7,200 ሜትር ገደማ 1,390 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አሊሰን 800 ለመድረስ በሚቸገርበት ከፍታ ማለት ነው።

የሮልስ ሮይስ አብራሪ የነበረው ሮኒ ሃርከር ሚያዝያ 30 ቀን 1942 ደክስፎርድ ላይ ባለ አሊሰኑን ሙስታንግ አበረረና፣ አውሮፕላኑ አየርን የሚቀዝፍበት ሥልት ከስፒትፋየር የተሻለ መሆኑን አይቶ መርሊን 61 እንዲገጠምለት ሐሳብ አቀረበ። ሃክኖል በሚገኘው የሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ጣቢያ የተለወጠው የመጀመሪያው አውሮፕላን ጥቅምት 13 ቀን 1942 በረረ፤ የአሜሪካው ናሙናም በዚያው ዓመት ኅዳር 30 ቀን ተከተለ። አዲሱ ሞተር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይከብድ ነበር፤ የጨመረውን ጉልበት እንዲጠቀምበት ባለ አራት ምላስ ፕሮፔለር ተገጠመ፣ ከሆዱ ሥር ያለው የራዲያተር ክፍልም ሰፍቶ የኢንተርኩለሩን ማቀዝቀዣ አብሮ እንዲይዝ ተደረገ። በፎቶግራፍ ወይም በሙዚየም ሁለቱን ለመለየት የፈለገ ሰው አፍንጫውን ይመልከት፦ በአሊሰኑ የአየር መግቢያው ከፕሮፔለሩ ኋላ በላይ በኩል ጉብ ብሎ ይታያል፤ በመርሊኑ ደግሞ ከአፍንጫው ሥር ነው።

ፒ-51ቢ በ9,000 ሜትር አካባቢ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር። ጥቅምት 14 ቀን 1943 በሽቫይንፈርት ላይ በተደረገው አንድ ወረራ 60 ቢ-17 ቦምብ ጣዮች ከጠፉ በኋላ ቦምብ ጣዮቹን በራሳቸው ከፍታ እስከ ዒላማው ድረስ አጅቦ የሚሄድ ተዋጊ ማግኘት አጣዳፊ ሆኖ ነበር። ሙስታንጎቹ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ማጀብ ጀመሩ፤ በመጋቢት 1944 ደግሞ በተጨማሪ የነዳጅ ታንክ እየታገዙ በርሊን ደረሱ።

ከዚህ በመነሳት «ከፍታን መምረጥ ሁልጊዜ ይሻላል» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ እንግሊዞች ራሳቸው አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደዋል። ዝቅ ብለው ለሚዋጉ ስፒትፋየሮች የመርሊን 45ን መንኰራኩር ከ26 ወደ 24 ሴንቲ ሜትር አሳጥረው ሞተሩ ከታች የበለጠ፣ ከላይ ያነሰ ጉልበት እንዲሰጥ አደረጉ። በሙስታንግም ቢሆን ኋላ የመጣው የፓካርድ ሞተር የማርሽ ምጣኔው ዝቅ ስላለ፣ ከቀድሞው ይልቅ በመካከለኛ ከፍታ የተሻለ፣ እጅግ ከፍ ሲል ግን ጥቂት የደከመ ነበር። ከፒ-51ቢ በኋላ በመጣው በፒ-51ዲ አብራሪው ፊት ለፊት ማርሹን የሚመርጥ ማብሪያ አለ፤ ሦስት ቦታዎች አሉት፣ ራስ-ሰር፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ። አብዛኛውን ጊዜ ራስ-ሰሩ ላይ ተደርጎ ይተዋል፤ አውሮፕላኑ ሲወጣ የአየር ግፊት መለኪያው በራሱ ጊዜ ማርሹን ይቀይርና ሞተሩ አንድ ጊዜ ገፋ ሲያደርግ አብራሪው በወንበሩ ይሰማዋል፣ ቢጫ መብራትም ይበራል።

ነዳጁን ሳላነሳ ባልፍ መልሱ ጎዶሎ ይሆናል። ሱፐርቻርጀር የፈለገውን ያህል ግፊት ቢፈጥር ነዳጁ ካልቻለው አይጠቅምም። በ1940 የጸደይ ወራት የእንግሊዝ ተዋጊዎች ከ87 ኦክቴን ማንኳኳትን ይበልጥ ወደሚቋቋመው ወደ 100 ኦክቴን ነዳጅ ሲሸጋገሩ፣ ለመርሊን 3 ከከባቢ አየር በላይ የሚፈቀደው ግፊት በካሬ ኢንች ከ6.25 ወደ 12 ፓውንድ አደገ፤ አንድም የሞተር ክፍል በመሠረቱ ሳይለወጥ ጉልበቱ ከ1,030 ወደ 1,310 ወጣ፣ በ2,700 ሜትር ገደማ። በፒ-51ዲ የመነሻ ግፊት 61 ኢንች ሜርኩሪ ሲሆን፣ በጭንቅ ጊዜ 67 ኢንች ለአምስት ደቂቃ ይፈቀዳል፤ ይህም በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። አብራሪው እዚያ ለመድረስ የጋዝ ዘንጉን ወደፊት ገፍቶ አንዲት ቀጭን የጥበቃ ሽቦ መበጠስ ነበረበት፤ ሲመለስ ሽቦዋ ተበጥሳ የተገኘች እንደሆነ መካኒኩ ሞተሩን መመርመር እንዳለበት ያውቃል። ጀርመኖች በአንጻሩ የዴይምለር ቤንዝ ዲቢ 605 ሞተራቸውን ወደ 36 ሊትር ያህል አሰፉት፤ የሱፐርቻርጀሩንም ፍጥነት በዘይት ኃይል ያለ ማርሽ ዝላይ እንዲለዋወጥ አደረጉ። እጅግ የሚያምር ንድፍ ነው፤ ግን ባለ አንድ ደረጃ ነበር፣ የሚያገኘውም ነዳጅ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ውኃና ሜታኖል መርጨት፣ ናይትረስ ኦክሳይድ መጨመር የመሳሰሉ መላዎችን መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

አሁን ወደ አሊሰን ክብር ልመለስ። ከሙስታንጉ ጋር የአንድ ቤተሰብ ሞተር የተገጠመለት ፒ-39 ኤራኮብራ በምዕራብ አውሮፓ እምብዛም አልተወደደም። ከ4,700 በላይ የሚሆኑት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው ግን አሌክሳንደር ፖክሪሽኪንን በመሰሉ አብራሪዎች እጅ ገናና ሆኑ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ በምሥራቁ ግንባር የአየር ውጊያው በአብዛኛው የሚካሄደው ከ5,000 ሜትር በታች፣ ማለትም ሞተሩ በተሠራለት ከፍታ ላይ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ በግሌ ከሁሉም የሚማርከኝ እርሱ ነው። እስከ 2023 ድረስ በኔቫዳ ግዛት በሬኖ በየዓመቱ ይካሄድ በነበረው የአውሮፕላን እሽቅድምድም፣ ተፎካካሪዎች የመርሊን ሞተራቸውን ግፊት ከ100 ኢንች ሜርኩሪ በላይ ያደርሱት ነበር። በዚህ ጭነት የመርሊን የራሱ ቢየላ፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ማለቴ ነው፣ አስተማማኝ አይሆንም። መካኒኮቹ ያገኙት መፍትሔ የአሊሰንን ቢየላ አስተካክሎ በመርሊን ውስጥ መግጠም ነበር። ጥራት የጎደለው ሞተር ለተፎካካሪው እንዲህ ያለ መለዋወጫ አያበድርም። ዛሬ ለትርኢት የሚበሩ ሙስታንጎች ግን እንዲህ አይጨነቁም፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች ለመነሻ ከ55 እስከ 61 ኢንች ባለው ግፊት ይወሰናሉ፣ ከፍተኛው ማርሽ የሚሠራበት ከፍታ ላይም እምብዛም አይወጡም። ስለዚህ በዛሬ ትርኢት ላይ ሁለቱን ሙስታንጎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱ የተጋነነ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ጉዳዩ ለእኛም አገር ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በ1950ዎቹ ያበርራቸው የነበሩት ፌሪ ፋየርፍላይ አውሮፕላኖች የመርሊን ታላቅ ወንድም በሆነው፣ 36.7 ሊትር በሚይዘው የሮልስ ሮይስ ግሪፎን ሞተር የሚሠሩ ነበሩ። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተር እዚያ ሲነሳ ስድስተኛ እጁን ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ እንዲህ ያለ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ግን ወሳኝ ከፍታው ላይ እስካልደረሰ ድረስ የተፈቀደለትን ግፊት ጠብቆ ይነሳል። ሆኖም ሱፐርቻርጀሩ የሚያግዘው ሞተሩን ብቻ ነው። ክንፉና ፕሮፔለሩ ያንኑ የሳሳ አየር ስለሚቀዝፉ፣ ሞተሩ ምንም ሳይጎድልበት አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል።